ፒያኖ የጀመረ ልጅ፦ ስለ ባሕርዩ፣ ስለ አመጋገቡና ስለ ኋለኛው ዘመኑ የቀረበ ጥናት

ፈረንሳዊው ካሚል ሴን-ሳንስ በ1886 «የእንስሳት ካርኒቫል» የተባለውን የሙዚቃ ድርሰቱን ሲጽፍ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) አንበሳን፣ ዶሮን፣ ኤሊን፣ ዝሆንንና ካንጋሮን በየተራ ካስተናገደ በኋላ ዐሥራ አንደኛው ላይ ፒያኒስትን አስገባ። ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስልም፤ ከአእዋፉ ቤት ቀጥሎ፣ ከቅሪተ አካላቱ በፊት ነው። በዚያ ክፍል ፒያኒስቶቹ ሌላ ሥራ የላቸውም። ስኬል ይወጣሉ፣ ስኬል ይወርዳሉ። በታተመው ኖታ ላይ ደግሞ የጀማሪን መደናበር አስመስለው እንዲጫወቱ ማሳሰቢያ ሰፍሮላቸዋል። ደራሲው «ስዋን» ከተባለችው ክፍል በቀር ድርሰቱ በሕይወት ሳለ እንዳይታተም ስለከለከለ፣ ሙሉው የወጣው ከሞተ በኋላ በ1922 ነው። ከዚያ ወዲህ በሥነ እንስሳት ረገድ ጉዳዩ ተዳፍኖ ቀርቷል። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ለመሙላት የቀረበ ነው። የሚመለከተውም ያደገውን ፒያኒስት ሳይሆን እጅግ የሚበዛውን ዝርያ፣ በሰባት ዓመቱ ገደማ ጀምሮ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ገደማ የሚያቆመውን ልጅ ነው።

የናሙና አመራረጡ ቀላል ነበር። ከአጥኚው መኝታ ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራ ቤት ውስጥ የሚኖር ልጅ ሁሉ ናሙና ሆኗል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ለዚህ ምርምር ታስቦ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ምቹ ነው፤ አንዲት ኖታ ሳያስቀር ያሳልፋል። ምልከታው የተካሄደው ቅዳሜና እሑድ ከማለዳ ጀምሮ ሲሆን፣ ሰዓቱን የወሰነው አጥኚው አይደለም። የወላጆች ፈቃድ አልተጠየቀም። እነሱም የአጥኚውን ፈቃድ ስላልጠየቁ የሥነ ምግባር ጉዳዩ እንደተቻቻለ ተቆጥሯል።

በቅድሚያ ስለ መሣሪያው። ባርቶሎሜኦ ክሪስቶፎሪ የተባለ ባለሙያ በ1700 አካባቢ ፍሎረንስ ውስጥ፣ በሜዲቺ መሳፍንት ቤት እያገለገለ፣ አንድ ትልቅ ችግር ፈታ። ከዚያ በፊት የነበረው ሃርፕሲኮርድ ጅማቱን የሚቆነጥር ስለነበር፣ ቀስ ብለው ቢነኩትም ደብድበው ቢመቱትም ድምፁ ያው ነው። ክሪስቶፎሪ በመቆንጠጫው ፋንታ መዶሻ አስገባ፤ ድምፁም እንደ ጣቱ ኃይል የሚለሰልስና የሚጎላ ሆነ። ልጁ ከዚህ ፈጠራ ግማሹን በመጀመሪያው ቀን ይረዳዋል። ለስላሳው ግማሽ በጥናቱ ዘመን አልታየም።

ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር። ጀማሪው የሚጠቀመው መካከል ላይ ያሉትን ጥቂቶች ነው። የተቀሩት በሁለቱም ወገን ለክብር ተቀምጠዋል። የክዳኑ አናት ደግሞ ዳንቴል ይለብሳል፤ በላዩ የፕላስቲክ አበባና የታላቅ እህት የምረቃ ፎቶ ይቆማል። ፎርቴ በተመታ ቁጥር ምሩቋ ትንቀጠቀጣለች። ፒያኖ ያልተገኘ እንደሆነ ኪቦርድ ይገዛል። ኪቦርድ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አለው፤ መሰኪያው በጥናቱ ዘመን አልተነካም።

ወደ አመጋገብ እንለፍ። የልጁ የዘወትር ቀለብ የጣት መልመጃ ነው። በ1873 ሻርል ሉዊ ሃኖን 60 መልመጃዎች የያዘ መጽሐፍ አወጣ። ስሙ የሰው መሆኑ ተረስቶ የበሽታ ስም ይመስል «ሃኖን አለብኝ» የሚሉ ልጆች ተሰምተዋል። የመጀመሪያው መልመጃ በሁለት እጅ አንድ ዓይነት ነገር ይዞ አንድ እርምጃ እየጨመረ ይወጣል፤ ጫፍ ሲደርስ እንደዚያው ይመለሳል። ዜማ ልናገኝበት የሞከርን ሰዎች አለን፤ የለውም። መጽሐፉን ለለመደ ሰው ከዳር እስከ ዳር ለመጫወት አንድ ሰዓት እንደሚበቃ ሃኖን ራሱ ገልጿል። ይህን እንደ መልካም ዜና ነበር የጻፈው።

ካርል ቸርኒም አለ። የቤትሆቨን ተማሪ፣ የፍራንዝ ሊስት አስተማሪ ነው። ቁጥር የሰጣቸው ሥራዎቹ ከ800 አልፈዋል። ሊስት በቸርኒ እጅ መሠልጠኑ ለወላጆች ሁልጊዜ የሚጠቀስ ማስረጃ ነው። በቸርኒ መልመጃ ሠልጥነው ሊስት ያልሆኑት ግን በየትኛውም ጽሑፍ አልተዘረዘሩም፤ ወረቀቱም አይበቃም። ክሎድ ደቡሲ ነገሩ የገባው ይመስላል። በ1908 ለትንሽ ልጁ መታሰቢያ ባደረገው «የልጆች ማእዘን» የመጀመሪያው ቁራጭ ላይ፣ ክሌሜንቲ የተባለ ደራሲ ያዘጋጀውን የጣት መልመጃ እየተጫወተ ሐሳቡ የሚሸሽበትን ልጅ አስቀምጦታል። የደቡሲ ልጅ ያኔ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ማስጠንቀቂያው በጊዜ ደርሷታል ማለት ነው።

የልጁ የተፈጥሮ ጠላት ሜትሮኖም ነው። በ1815 ባለመብትነቱን ያስመዘገበው ዮሃን ሜልዘል ሲሆን፣ ዘዴውን ቀድሞ ያገኘው ግን አምስተርዳም የነበረው ዲትሪክ ቪንክል ነው። ሜልዘል ለቤትሆቨን የጆሮ ማዳመጫ ቀንድ የሠራ ሰው ነው። ቼዝ የሚጫወት አሻንጉሊት ይዞ ከአገር አገር ይዞርም ነበር፤ አሻንጉሊቱ የተቀመጠበት ሣጥን ውስጥ ሰው ተደብቆ ይጫወት እንደነበር ታውቋል። ሜትሮኖሙ ውስጥ ማንም እንደሌለ አጥኚው ከፍቶ አረጋግጧል። ልጁ ግን አያምንም። እሱ ቀስ ሲል የሚፈጥን፣ እሱ ሲፈጥን የሚዘገይ ነገር ውስጥ ክፉ ሰው መኖሩን በእርግጠኝነት ይናገራል።

ከመልመጃ በኋላ ለማጣፈጫ ዜማ ይሰጠዋል። ሁለቱ ይበቁናል። አንደኛው በሶል ማጆር የተጻፈው ሜኑዌት ነው። ዮሃን ሰባስቲያን ባክ ለሚስቱ ለአና ማግዳሌና ባሰናዳው የ1725 ደብተር ውስጥ ስላለ፣ ሰው ሁሉ የባክ ሲለው ኖሯል። የደራሲው ስም ክርስቲያን ፔትሶልት መሆኑ ከታወቀ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ቢሆንም «ልጄ ባክ ይጫወታል» የሚል አባት ፊት ይህን ማንሳት ለጉርብትና አይበጅም። ሞክረነዋል።

ሁለተኛው «ለኤሊዛ» ነው። ቤትሆቨን በ1810 ጽፎት፣ በ1827 ሞቶ፣ ቁራጩ በ1867 ታተመ። የእጅ ጽሑፉ ጠፍቷል፤ ኤሊዛም ማን እንደነበረች ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ኖታዎች በሚያስደንቅ ጥራት ይጫወታል፤ የተቀረው ክፍል መኖሩ በወሬ ደረጃ ይታወቃል። ታይዋን ውስጥ የቆሻሻ መኪኖች ይህን ዜማ እያሰሙ ይመጣሉ፤ ነዋሪው ሲሰማ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ከቤቱ ይወጣል። በእኛ ፎቅም ዜማው ሲጀመር ነዋሪው ከቤቱ ይወጣል። ከረጢት መያዙ ብቻ ነው የሚጎድለው።

በዓመቱ መጨረሻ ዝግጅት አለ። አዳራሹ በአባቶች ስልክ ያበራል። ልጁ ይሰግዳል፣ ይቀመጣል፣ ወንበሩ ይረዝምበታል፣ ይነሣል፣ ወንበሩ ይስተካከላል። በክላሲካል ሙዚቃ ሥርዓት ቁራጩ እስኪያልቅ ማጨብጨብ ነውር ነው። ሥርዓቱን የደነገጉት ሰዎች ግን አክስት የሚባል ነገር መኖሩን አላሰቡበትም። በሁለተኛው መስመር ላይ እልልታው ይቀልጣል። ልጁ ይደነግጣል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ እዚያው መስመር ሲደርስ አክስትየዋ አሁንም ዝግጁ ናት።

አሁን የጥናቱ እምብርት ወደሆነው፣ ወደ ማቆም እንመጣለን። የሚኒስትሪ ፈተና ይደርሳል፣ ኳስ ይመጣል፣ ቲቸር ሥራ ይለውጣሉ። ኪቦርዱ ቁም ሣጥን አናት ላይ ይወጣል። ወላጆች የከፈሉትን ያሰላሉ። ነገሩ ሁሉ ከሽፏል ይባላል።

አጥኚው በዚህ አይስማማም። ለማቆም ጥቅም ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ሮበርት ሹማን ነው። ፒያኒስት ሊሆን ሲደክም ቀኝ እጁ ተጎዳ፤ ምክንያቱ ጣት ማጠንከሪያ መሣሪያ ነው የሚሉ አሉ፣ ሌላ የሚሉም አሉ። መጫወቱን ትቶ የሙዚቃ ደራሲ ሆነ። በዚያ ላይ የአስተማሪውን የፍሪድሪክ ቪክን ልጅ ክላራን፣ አባቷን በፍርድ ቤት ረትቶ፣ በ1840 አገባ። በሁሉም መለኪያ ከፒያኖ ትምህርት ይህን ያህል ያተረፈ ሰው የለም። በ1848 ለልጆች የሚሆን የፒያኖ ስብስብ ጻፈ፤ መነሻው ሰባት ዓመት የሚሞላት የገዛ ልጁ የልደት ስጦታ ነበር። በደንብ የሚያውቀውን ነገር ነው የሰጣት።

ሹማን ያልሆኑትስ? ያቆመው ልጅ አድጎ፣ መሥሪያ ቤት ገብቶ፣ ፀጉሩ ሳስቶ፣ አንድ ቀን ኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ ይገኛል። በብዛት የሚቀመጠው በስተግራ በኩል ነው፤ የፒያኒስቱ እጆች የሚታዩት ከዚያ ነው። ጉልበቱ ላይ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሲነገረው ይክዳል። አጠገቡ ያለው ሰው አንድ ዜማ ይሰማል፤ እሱ ሁለት ይሰማል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በልጅነቱ በመጀመሪያ ቀኝ እጁን ለብቻው፣ ቀጥሎ ግራ እጁን ለብቻው ተለማምዷል። ከዚያ «አሁን በሁለቱም» የተባለበት ቀን መጣ። ያን ቀን ግራው የቀኙን፣ ቀኙ የግራውን ሥራ ሲቀማ፣ ቀላል የነበረው ሁሉ ፈረሰ፤ ልቅሶም ነበር (በግድግዳ በኩል ተሰምቷል)። ባክ በ1723 ያዘጋጃቸው 15ቱ ባለ ሁለት ድምፅ ኢንቬንሽኖች ለዚህ ፈተና የተሠሩ ናቸው። ቀኝ እጅ የጀመረውን ግራ እጅ ተቀብሎ ይደግመዋል፤ ግራ እጅ አጃቢ መሆኑ ቀርቶ ተናጋሪ ይሆናል። ልጁ አንዱንም ኢንቬንሽን አልጨረሰም። ግራ እጅ የራሱ ነገር እንዳለው ግን ከዚያ ወዲያ ሊረሳ አልቻለም። ሠላሳ ዓመት አልፎ እንኳ ታክሲ ውስጥ ዘፈን ሲከፈት እሱ የሚከተለው ቤዙን ነው።

ደግሞም አስቸጋሪው ቦታ የት እንደሆነ ያውቃል። ፒያኒስቱ ወደዚያ ሲቃረብ ትንፋሹን ይይዛል፣ ፒያኒስቱ ሲያልፍ እሱ ይተነፍሳል። ሌላው ታዳሚ ይህን አደጋ ሳያውቅ የዝግጅቱን ፕሮግራም ያገላብጣል። ያላቆመው፣ ማለትም መድረኩ ላይ ያለው ሰው፣ ሥራ ላይ ስለሆነ መስማት አይችልም። ስለዚህ የአጥኚው ድምዳሜ የፒያኖ ትምህርት አድማጭ ማምረቻ ነው የሚል ነው። ፒያኒስት አንዳንዴ በምርቱ መሐል ሾልኮ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው።

ይህን ድምዳሜ የሚቃወሙ ሁለት አገርኛ ማስረጃዎች አሉ፤ በአጭሩ ይታለፋሉ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ጀመሩ። ኋላም ካይሮ ተማሩ። መንነው ግሸን ማርያም ገዳም ገብተው ዐሥር ዓመት ያህል ቆዩ፤ ፒያኖ የማቆም ነገር ከዚህ በላይ ሊጠነክር አይችልም። ነገር ግን ተመልሰው ተቀመጡበት፣ በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸውን አስቀረጹ፣ በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስም ስማቸው ከፒያኖ ጋር ነበር። ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ ልጅነቱን በክራር አሳልፎ፣ ፒያኖ የጀመረው በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተማረ። ሌላው የሚያቆምበትን ዕድሜ አልፎ መጀመር ከጥናቱ ማእቀፍ ውጭ ስለሆነ አጥኚው አስተያየት አይሰጥም።

የቀረው ስለ መራባት ነው። ያቆመው ልጅ፣ አሁን አባት፣ የደረሰበትን ሁሉ እያወቀ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለውን ኪቦርድ አውርዶ አቧራውን ይጠርጋል። ለምን ሲባል «በማቆሜ ስለሚቆጨኝ» ይላል። ሴት ልጁ ሁለት ሳምንት ሃኖን ከሠራች በኋላ «ባቢ፣ አንተ ትችላለህ?» ብላ ትጠይቀዋለች። አባትየው እጁን አሟሙቆ ይቀመጥና ዘጠኙን ኖታዎች አንድም ሳይሳሳት ይጫወታል።

«ከዚያስ?» ትላለች ልጅቱ።

አባትየው ራት መቅረቡን ያስታውቃል።