ተከፍሎበት መገልበጥ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኛ ወላይታዎች ግን አዲስ ዓመታችን ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ስለሚውል፣ መስከረም ከጠባ በኋላም ጉድ ለመስማት ትርፍ ቀናት አሉን። የዘንድሮው ጉድ የደረሰኝ በእነዚያ ትርፍ ቀናት ነው። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ፣ በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ እግሩን ወደ ሰማይ፣ አናቱን ወደ መሬት አድርጎ ይገለበጣል አሉ። ሲወርድ ይከሳል ብላችሁ ነው? እየሳቀ ተመልሶ ይሰለፋል!

ወሬውን ያመጣብኝ የልጄ ልጅ ነው፤ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ይማራል። አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ የላከውን ቪዲዮ ዓይኔ ሥር ደቅኖ «አባባ፣ ይችን እይማ» አለኝ። አየሁ። ያ እዚህ ቀያችን ዱቦ ሳለ በቅሎ ላይ ለመውጣት ሁለት ሰው ደግፎት እንኳ የሚንቀጠቀጥ ልጅ፣ ከነጫማው ተዘቅዝቆ እንደታረደ ዶሮ ይጮሃል። እናቱ ቆጮ ሸጣ ያሳደገችው በሁለት እግሩ እንዲቆም ነበር።

በመገልበጥ ጉዳይ ዱቦን የሚያስተምር አገር የለም። እኛ በቆሎ በጫነ አይሱዙ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ከአረካ ሶዶ ስንመላለስ ቀበቶ ያሰረልን የለም። ሾፌሩ ጫቱን በአንድ ጉንጩ፣ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ኩርባው ላይ መንገዱ ወደ ግራ፣ መኪናው ወደ ቀኝ፣ ነፍሳችን ወደ ላይ ትሄድ ነበር። ሦስት ሰው እንዲጭን የተሠራው ባጃጅም ስድስት ሆነን ስንገባበት በአንድ ጎማ መሄድ ይችላል፤ ይህን የሠራው ፋብሪካ እንኳ አያውቅም። ለዚህ ሁሉ «ቁመትህ ስንት ነው? ልብህ ጤነኛ ነው?» ብሎ የጠየቀን አልነበረም።

መኪናውስ ይቅር። እኔ ከዱቦ ንቅንቅ ሳልል አድራሻዬ ስንቴ እንደተገለበጠ ላስረዳ። ስወለድ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የወላይታ አውራጃ ሰው ነበርኩ። ደርግ መጣና ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ። ኢሕዲሪ ሲታወጅ ደግሞ ሰሜን ኦሞ ገባችሁ፣ ጉዳይ ያለው አርባ ምንጭ ይሂድ ተባልን። ኢሕአዴግ ሲገባ ክልሎች ጥቂት ጊዜ በቁጥር ተጠሩና በመጨረሻ ደቡብ ሆንን፤ ሰሜን ኦሞነታችን ግን አልቀረም። በደቡብ ውስጥ ሰሜን! ከዚህ በላይ ራስን ዘቅዝቆ መቀመጥ አለ? በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ለብቻው ዞን ሆነ፤ ትንሽ ተነፈስን። ከዚያ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተሰጠ፤ የወላይታው ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ተሰጠ፤ ጣቴም እንደገና ቀለም ነካች። በነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተና ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን እኔ በዚያው ግቢዬ፣ በዚያው እንሰቴ ሥር እንደተቀመጥኩ ይህን ሁሉ ዞሬ፣ አሁን ለመዞር ትኬት ግዛ እባላለሁ?

እንግዲህ ሽማግሌ ነኝና ሳላጣራ አልፈርድም። የልጄን ልጅ ስልክህን አውጣ፣ ተከሳሾቹን አንድ በአንድ አቅርብ አልኩት።

የመጀመሪያዎቹ ተከሳሾች ፈረንሳዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1846 ፓሪስ ውስጥ በአንድ የመዝናኛ ሥፍራ ሐዲዱን እንደ ቀለበት ጠምዝዘው፣ ሰው በትንሽ ጋሪ ከከፍታ እየተንደረደረ እንዲገለበጥበት አደረጉ። ያኔ ባቡር ራሱ ለብዙው ሰው ብርቅ ነበር። ቀጥ ብሎ መሄዱን ሳይጠግቡት መገልበጡን ጀመሩት ማለት ነው።

ሁለተኛው ተከሳሽ ኒውዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ እ.ኤ.አ. በ1895 የተተከለው «ፍሊፕ ፍላፕ» ነው። የዚህ ጥፋት ክብነቱ ነው። ልጁ እንዳስረዳኝ፣ ሐዲዱ ፍጹም ክብ ሲሆን ጋሪው ከሜዳው ወደ ክቡ የሚገባው በድንገት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ሰውየው በራሱ ክብደት ይደቆሳል። የገዛ ክብደቱ እስከ 12 እጥፍ ይጫነው ነበር ይባላል። የሰው አንገት ደግሞ ለዚህ አልተሠራም። ገንዘብ ከፍለው አንገታቸውን ይዘው ወጡ።

ሦስተኛው ኤድዊን ፕሬስኮት የሚባል ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1901 እዚያው ኮኒ አይላንድ ክቡን ወደ እንቁላል ቅርጽ አሞልሙሎ አሻሻለው። የሚገርመው ግን ሌላ ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ ለማየት ብቻ የሚመጣው ሰው ብዙ ነበር፣ የሚሳፈረው ጥቂት። በዚህ ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። እንደ እኔ ያሉ ሽማግሌዎች ኮኒ አይላንድም ነበሩ ማለት ነው! በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ላይ ጀርመኖቹ ሽዋርዝኮፕፍና ሽቴንግል ቀለበቱን የውኃ ጠብታ አስመሰሉት፤ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ። ጋሪው ቀስ እያለ ይታጠፋል፣ አንገትም ትተርፋለች። ሥራው ሥራ ነው፤ ዓላማው ነው እንጂ ያልገባኝ።

ዋናው ተከሳሽ ግን ሊ አየርሊ ነው። በኦሪገን ግዛት፣ በሴለም ከተማ የአውሮፕላን ኩባንያ ነበረው፤ ለአብራሪዎች የመለማመጃ መሣሪያ ይሠራ ነበር። ዓለምን የመታው የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ መብረር የሚማር ሰው ጠፋ። ምን ያድርግ? እ.ኤ.አ. በ1933 «ሉፕ ኦ ፕሌን» የሚባለውን መጫወቻ አወጣ። ልብ በሉ፤ ለመብረር ገንዘብ የሌለው ሕዝብ ለመገልበጥ ግን ሳንቲም አላጣም! ድሃ ስንሆን መጀመሪያ የምንቆጥበው ከቁም ነገሩ ላይ ነው። ይህን በእኛም አገር አይቻለሁ።

አሠራሩን ስሙ። ከምሰሶው ላይ ሁለት ክንዶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 5 ሜትር ገደማ ይረዝማሉ። በአንደኛው ጫፍ አራት ሰው የሚይዝ ዝግ ሳጥን፣ በሌላው ጫፍ ማመዛዘኛ ክብደት ተንጠልጥሏል። ሁለቱ ክንዶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወዛወዛሉ፤ በአንድ ዙር ስምንት ሰው ይቀቀላል። ብልሃቱ ማመዛዘኛው ላይ ነው፤ የሰዎቹን ሸክም ስለሚቀንስለት ሞተሩ እንደ ዥዋዥዌ ገፋ፣ ገፋ ቢያደርግ ይበቃዋል።

ክፋቱም ያለው እዚሁ ማወዛወዙ ላይ ነው። ማሽኑ በአንዴ አይገለብጥህም። መጀመሪያ ትንሽ ያነሣሃል፣ ይመልስሃል። ቀጥሎ ወገብህ ድረስ፣ ይመልስሃል። ከዚያ ልትገለበጥ አንድ ክንድ ሲቀርህ አፋፉ ላይ ያደርስህና አሁንም ይመልስሃል። ልጆቹ የሚጮሁት ሲገለበጡ መስሎኝ ነበር፤ ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው ግን ትልቁ ጩኸት ያለው ከመገለበጡ በፊት ነው። ውኃ የሞላ ባልዲ በፍጥነት ብታዞር አይፈስም፤ ፍጥነቱ ውኃውን ከባልዲው ግርጌ ጋር ያጣብቀዋል። ሳጥኑም ሲፈጥን ሰውን ከመቀመጫው ጋር ያጣብቀዋል። አናት ላይ ሲደርስ ግን ሊቆም ምንም አይቀረው፤ ያኔ ሰው በቀበቶው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የኪሱ ሳንቲምም ወደ ሰማይ ይወድቃል። ከትኬት የተረፈውን በዚህ ይለቅሙታል መሰለኝ።

አምስተኛውን ተከሳሽ ልጁ ባያቀርበው ይሻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆሴፍ ብራውን የሚባል ሰው የነደፈው፣ በካንሳስ ግዛት፣ በዊቺታ ከተማ የተሠራ «ዚፐር» የሚባል ነው። 12 ሳጥኖች በረዥም ክንድ ዙሪያ በገመድ ይጎተታሉ፣ ክንዱ ራሱ ይሽከረከራል፣ እያንዳንዱ ሳጥን ደግሞ በየፊናው ይገለበጣል። ሦስት ዓይነት መዞር አንድ ላይ! ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ ሳጥኑም አያውቅ። እ.ኤ.አ. በ1977 በሮቹ እየተከፈቱ ሰው ስለሞተ የአሜሪካ መንግሥት አስጠነቀቀ፣ መቆለፊያውም ተጠናከረ። ሰልፉ ግን አልቆመም። እኛ ዘንድ ድልድይ ሲሰበር መንገዱን እንቀይራለን፤ እነሱ ቁልፉን ቀይረው ይመለሳሉ።

«ሕግ አለው እኮ» ይለኛል ልጁ። «ለሉፕ ኦ ፕሌን ቁመትህ 117 ሴንቲ ሜትር ካልደረሰ አትሳፈርም።» አቤት! ለመፍራት ቁመት ይለካል! እኛ በልጅነታችን ማታ ከከብቶች ጋር ስንመለስ የጅቡን ድምፅ ስንሰማ ጅቡ ሜትር ይዞ አልመጣም።

ከፍሎ የመፍራት ወረርሽኙ አሜሪካ ብቻ አይቀርም። አዲስ አበባ ደርሰው የመጡ ይነግሩኛል፤ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ልጆች በሚዞር ፈረስ ላይ ተቀምጠው እዚያው ተነሥተው እዚያው ይወርዳሉ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ጎልማሳ ሰው በሽቦ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ለመንሸራተት ይከፍላል። በዚያው ተራራ ስንት ዘመን ሴቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል ሲንሸራተቱ ኖረዋል፤ ለእነሱ ማን ትኬት ቆረጠ? ማን ከታች ቆሞ ፎቶ አነሣ?

አሁን ልጁ የሚያልመው የአየርሊ ማሽን ለጊፋታ ሶዶ መጥቶ ሲተከል ነው። እሺ፣ መጣ እንበል። ጊፋታ ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ዓመት ሙሉ ተቆጥቦ በማኅበር የተገዛ በሬ የሚታረድበት፣ ቁርጥ በዳጣ እየተነከረ፣ ቅቤ እየተቀባባ የሚበላበት በዓል ነው። ያንን ሆድ ይዞ ሳጥን ውስጥ የገባ ወላይታ ሲገለበጥ፣ ከታች ለቆመው ሕዝብ ከትኬቱ ጋር ጃንጥላም ይታደለው። ደግሞስ አናት ላይ እንዳሉ መብራት ቢሄድ? አንዱ ጄኔሬተር አስነሣ ይላል፣ ሌላው ናፍጣ የለም ይላል፣ ስምንቱ ሰዎች ተዘቅዝቀው መብራት በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ይከራከራሉ። ይልቅ ዱቦ ይተከል። እኛ ቢያንስ የቅድስት ማርያም ሆስፒታል ቅርባችን ነው።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ ያ ልጅ በሳቅ ፍርፍር አለና «አባባ፣ ትኬቱ ላይ እኮ መውረጃውም ተካቷል» አለኝ።

መልስ አጣሁ፤ ለዚህም ነው እስካሁን የተናደድኩት። እውነቱን ነዋ! አይሱዙው ላይ ስሳፈር መድረሻዬን እንጂ መድረሴን አላውቅም ነበር። እነዚህ ልጆች የሚገዙት መመለሻው አስቀድሞ የተከፈለበት ፍርሃት ነው። ሞት ፊታቸው ድረስ መጥቶ ሰላምታ ሰጥቷቸው ይሄዳል፤ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ይወርዱና መሬቷ በቦታዋ መኖሯን በእግራቸው ያረጋግጣሉ። የሚስቁት ለዚህ ነው። አየርሊ የሸጠው መገልበጡን መስሎኝ ስከሰው ዋልኩ፤ ሰውዬው ለካ ደህና መውረድን በሁለት በሁለት ደቂቃ እየቆረጠ ሲሸጥ ነው የኖረው። በእኛ ዘመን ይህ ዕቃ ገበያ ላይ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ በሬዬን ሸጬ እገዛው ነበር።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸውና። ማሽኑ ይምጣ፣ ልጆቹም ይሳፈሩ፤ ከቁርጡ በፊት እንጂ ከቁርጡ በኋላ እንዳይሆን። ኮኒ አይላንድ ለተመልካች ቦታ እንደነበረው ለእኛም ለሽማግሌዎች ጥላ ያለው አግዳሚ ይዘጋጅልን፤ አንከፍልም እንጂ ስንወቅሳቸው ድምፃችን እንዲደርስ ቀረብ ብሎ ይሁን። እኔ ግን አልሳፈርም። ከሲዳሞ ጀምሮ ተሳፍሬ ስዞር ነው የኖርኩት፤ የእኔው ዙር ሁለት ደቂቃው ካለፈ ቆየ። እዚያ ማሽን ሥር ማቆሚያውን ጨብጦ የሚቆም አንድ ሰውዬ አለ አሉ፤ በእኛኛው ላይ የተመደበውን የሚያውቅ ካለ ዱቦ ድረስ ይዞልኝ ይምጣ፣ ሰዓት ማየት አስተምረዋለሁ።