ማሕሌት ያልቆመችው ማህሌት

አሊዩ አምባ ላይ ሠርግ ከደረሰ ትከሻ ሥራ አይፈታም። እስክስታን እንዲህ የሚወድ ሰው ግን ልጁን «እስክስታ» ብሎ ሲጠራ የሰማ የለም፤ ቢሞክረው የልደት መዝጋቢው እስክሪብቶውን ጥሎ ይስቅበታል። ይኸው ሰው ሳያስበው ከሽብሸባ ጋር የተጋባ ስም ለሴት ልጁ ያወጣል፦ ማህሌት።

ግእዝ የቀመሰ ጎረቤት ቢኖር «ማሕሌት ማለት ዜማ ነው፤ ውዝዋዜ ምን ቤት ነው?» ብሎ ይሟገታል። አልተሳሳተም። «ሐለየ» አዜመ ማለት ነው። (በብዙኃኑ «ኀ» የጻፈው እንደሆነ «አሰበ» ይሆንበታል፤ በሃሌታው «ህ» የሚጽፉት ወላጆች ደግሞ ከሁለቱም ነፃ ናቸው።)

ችግሩ ያለው ማሕሌቱ በቆመበት ሌሊት ነው። ካህናቱና ደብተራዎቹ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በዝማሜ ቀስ ብለው ይጀምሩና ወረቡ ሲደርስ ከበሮው ይፈጥናል፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ሽብሸባ፣ ጭብጨባ። ትውፊቱም ቢሆን እግርን አይረሳም፤ ቅዱስ ያሬድ ሲያዜም በዜማው የተመሰጠው ንጉሥ ገብረ መስቀል ጦሩን የተከለው በያሬድ እግር ላይ ነበር፣ ሁለቱም አልታወቃቸውም ይባላል። ይህን ወረብ «ዘፈን» ያለ ጎብኚ ግን ከደብተራው ጋር ዕርቅ የለውም።

የሚገርመው፣ «ዘፈነ» በግእዝ ዋና ትርጉሙ ጨፈረ ነው። የሄሮድያዳ ልጅ ሄሮድስ ፊት «ዘፈነች» ተብሎ ሲነበብ የዛሬ አንባቢ ድምፃዊት ትመስለዋለች፤ የዮሐንስን ራስ ያስቆረጠው ግን ጉሮሮዋ ሳይሆን እግሯ ነው። እንግዲህ ዘፈን ከእግር ወደ ጉሮሮ ሲወጣ፣ ማሕሌት ከጉሮሮ ወደ እግር ወርዷል። የአንኮበር ዳገት ላይ እንደሚተላለፉ ሁለት አይሱዙዎች መሆናቸው ነው፤ አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል።

አሊዩ አምባ ድሮም የመተላለፊያ ከተማ ናት። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በፈረንጆች 1842 ታሞ ሲሰነብትባት የሙስሊም ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች። ዛሬም ቡና ላይ ሙስሊሟ ጎረቤት «እኛስ በመንዙማ እንወዛወዝ የለ? ልጃችንን ግን መንዙማ አላልናትም» ብትል መልስ የሚያገኝላት አይኖርም።

ባለስሟ ራሷስ? ቅኔ ማሕሌቱ በልማድ የወንዶች ነውና ማህሌት ማሕሌት አትቆምም። ጭራሽ እንቅልፍ ትወዳለች። በበዓል ቀን እናቷ፣ «ተነሽ እንጂ! ስምሽ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አደረ!» እያሉ ብርድ ልብሱን ይገፏታል።

ጓደኞቿ ደግሞ «ማሂ» ይሏታል። ከሌሊቱ ሁሉ የተረፉት ሁለት ፊደላት ናቸው። ታዲያ ሠርግ ቤት ከበሮ ሲመታ መጀመሪያ የምትነሳው ማሂ ናት፤ ትከሻዋን ጣል ስታደርገው ከዳር የተቀመጡት ደብተራ መቋሚያቸውን ሳይታወቃቸው ያነቃንቃሉ።