ያገለገለ ጊታር መግዛትና መገዛት

ያገለገለ የጃዝ ጊታር ለመግዛት የተነሣ ሰው ከገንዘቡ አስቀድሞ ዕውቀት ማጠራቀም ይጀምራል፤ ይህንም የሚያደርገው ሻጭ እንዳያታልለው፣ እንከን እንዳያመልጠውና ከሚገባው በላይ እንዳይከፍል በማሰብ ነው። ነገሩ በቅርብ ሲመረመር ግን፣ ዋጋ ለማስቀነስ ተብሎ የተጠናው ዕውቀት ሁሉ ጊታሩ ከሳጥኑ በወጣ ጊዜ ወገኑን ለውጦ ለጊታሩ ጥብቅና ሲቆም፣ ብዙ ያወቀው ገዢም ምንም ካላወቀው ይልቅ ደስ ብሎት ብዙ ሲከፍል ይታያል። ይህ ጽሑፍ የዕውቀትን ክዳት ከአንገት እስከ ብሎን ድረስ ተከትሎ ለማሳየት ይሞክራል።

በቅድሚያ ለጃዝ የሚመረጠውና አርችቶፕ የሚባለው ጊታር ከሌላው በምን እንደሚለይ መግለጽ ያስፈልጋል። የተለመደው ጊታር ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ቀዳዳውም ክብ ሲሆን፣ የአርችቶፕ ፊት ግን እንደ ቫዮሊን ከመሀሉ ጎበጥ ብሎ ወደ ጠርዙ እየወረደ የሚሄድ ነው፤ ድምፁም የሚወጣው በግራና በቀኝ ከተበሱት፣ የላቲኑን ኤፍ ፊደል ከሚመስሉት ሁለት ቀዳዳዎች ነው። ክሮቹ ብሪጅ በሚባል የእንጨት ድልድይ ላይ አልፈው በጊታሩ ግርጌ በተያያዘ ብረት ላይ ይታሰራሉ። ድልድዩ በኮላ ያልተጣበቀ፣ በክሮቹ ጫና ብቻ የቆመ በመሆኑ ክሮቹ በአንድ ጊዜ የተፈቱበት ዕለት ስንብት ሳይጠይቅ ቦታውን ይለቃል፤ ጊታሩን ለማጽዳት ብሎ ክሮቹን ሁሉ የፈታ አዲስ ባለቤትም የቀረውን ቀን የድልድዩን የቀድሞ አድራሻ ሲፈልግ ይውላል።

የዚህ ዓይነቱ ጊታር ትውልድ አገር አሜሪካ ነው። ኦርቪል ጊብሰን የተባለ ባለሙያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሚሺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ ማንዶሊንና ጊታርን በቫዮሊን ሥርዓት ከእንጨት እየጠረበ ይሠራ ነበር፤ በስሙ የተጠራው ኩባንያም በ1902 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተቋቋመ። ኩባንያው በ1922 ሎይድ ሎር በተባለው ባለሙያው ዘመን ኤል-5 የተሰኘውን ባለ ኤፍ ቀዳዳ ጊታር ለገበያ ሲያቀርብ፣ የኋለኞቹ ሁሉ መነሻ የሆነው ቅርጽ ተገኘ። ጊዜው የጃዝ ኦርኬስትራዎች እየተለቁ የመጡበት በመሆኑ፣ ጊታር ከመለከትና ከሳክስፎን ረድፍ መካከል ተሰምቶ ለመውጣት ጮክ ያለ፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ ለዚህም ጎባጣው ፊት ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ፍሬዲ ግሪን ከ1937 እስከ 1987 ድረስ በካውንት ቤሲ ኦርኬስትራ ውስጥ የድምፅ ማጉያ ሳይጠቀም፣ ለብቻው መጫወትንም ሳይሻ፣ ምት በመጠበቅ ብቻ የኖረው እንዲህ ባለ ጊታር ነው። ጊታር ገዢዎች ስሙን በታላቅ አክብሮት የሚጠሩት ቢሆንም፣ እንደ እርሱ ሃምሳ ዓመት ሌሎችን ሊያጅብ ብሎ ጊታር የገዛ ሰው ማግኘት ግን እጅግ ያስቸግራል።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ ነገሩ ተወሳሰበ። በ1936 ኢኤስ-150 የተባለው የጊብሰን ጊታር ፒካፕ ይዞ ወጣ፤ ፒካፕ ማለት የክሩን እርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ፣ ከማግኔትና ከተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ የሚሠራ ዕቃ ነው። ቻርሊ ክርስቲያን በዚህ ጊታር ጃዝን ከለወጠ በኋላ ገና በ25 ዓመቱ በ1942 ዐረፈ። ይሁን እንጂ ተጠርቦ የተሠራው ስስ ፊት ከማጉያው የሚመለሰውን ድምፅ ራሱ እየተቀበለ እንደገና ስለሚርገበገብ፣ በመድረክ ላይ ድንገት የማያባራ ጩኸት ማሰማት የዘወትር ጠባዩ ሆነ። በ1949 የወጣው ኢኤስ-175 ፊቱ ከተጠረበ እንጨት ሳይሆን በሙጫ ከተደራረቡ ስስ ሽፋኖች፣ በግልጽ አነጋገር ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ነበር፤ ይህም ዋጋውን ከማቅለሉ በላይ ጩኸቱን ገታለት። በስሙ ላይ ያለው ቁጥር መጀመሪያ የወጣበት ዋጋ በዶላር ሲሆን፣ ዛሬ ግን ያገለገለው እንኳ በሺዎች ዶላር ስለሚጠየቅ ቁጥሩ የገዢን ልብ ለመስበር ብቻ የቀረ ይመስላል።

የዕውቀት ክዳት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ገዢው የተጠረበውንና የኮምፔንሳቶውን ልዩነት ያጠናው አንዱን አጣጥሎ ዋጋ ለማስወረድ ነበር። ፊቱ ተጠርቦ የተሠራ ጊታር ሲቀርብለት ግን «ይህ እውነተኛ እንጨት ስለሆነ ውድ መሆኑ ተገቢ ነው» ይላል፤ ኮምፔንሳቶ ሲቀርብለት ደግሞ «ይህ በማጉያ ፊት ስለማይጮህ ውድ መሆኑ ተገቢ ነው» ይላል። ኮምፔንሳቶ በጣሪያና በበር ላይ ሲሆን የድህነት ማስረጃ፣ በጊታር ላይ ሲሆን የጥበብ ምስክር ሊሆን የቻለው በዚህ ዓይነት ሙግት ነው። ሻጩም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ክርክሩን ያሸንፋል።

ምርመራው በራሱ ሥርዓት ያለው ነው። በቅሎ ገበያ የወጣ ሰው ጥርስና ሰኮና ሳያይ ዋጋ እንደማይጠራ ሁሉ፣ ጊታር ገዢም የጥርስ ሐኪም መስተዋትና ትንሽ ባትሪ ይዞ በኤፍ ቀዳዳው በኩል ወደ ሆዱ ውስጥ ይመለከታል፤ የሚፈልገውም የተሰነጠቀ ፊት፣ ከቦታው የለቀቀ መደገፊያ እንጨትና ከጊዜ በኋላ የተደፋ ኮላ ነው። ከዚያም ጊታሩን ገልብጦ ጀርባውንና የአንገቱን መጋጠሚያ ያያል፤ ያልተገላበጠ ያራልና። ቀጥሎ በአንዱ ክር ላይ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ዘንድ (ፍሬት በአንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ቀጭን ብረት ነው) ክሩን በጣት ጫፍ ነክቶ የሚያቃጭለውን ድምፅ ይሰማና፣ በዚያው ቦታ ክሩን ተጭኖ ከሚወጣው ድምፅ ጋር ያስተያያል፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ድልድዩ ያለ ቦታው ቆሟል ማለት ነው። ይህ በሁለት ጣት ገፋ በማድረግ የሚታረም ጉድለት ቢሆንም፣ ገዢው ያገኘው የመጀመሪያው እንከን ስለሆነ ፊቱን አኮሳትሮ ራሱን ይነቀንቃል።

እውነተኛው እንከን ያለው ብዙ ጊዜ ከአንገቱ ጫፍ፣ መቃኛዎቹ ከተተከሉበት ራስ ሥር ነው። ጊብሰን ሠራሽ ጊታሮች ራሳቸው ወደ ኋላ 17 ዲግሪ ያህል ያጋደለ፣ አብዛኞቹም አንገታቸው ማሆጋኒ በመሆኑ፣ ከመቆሚያው ተንሸራቶ በጀርባው የወደቀ ጊታር እዚያው ላይ ይሰበራል። ስብራቱ በጥሩ ባለሙያ ከተጠገነ በድምፁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም የማይታወቅ ቢሆንም፣ ዋጋውን ወደ ግማሽ ዝቅ የማድረግ ልማድ በገበያው ዘንድ የቆየ ነው። ገዢው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጠጋ ብሎ በቀለሙ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ባየ ጊዜም መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ግን «ዋናው ድምፁ ነው፣ ደግሞ የተጠገነ ቦታ ከቀድሞው ይጠነክራል» የሚል ፍልስፍና ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይደርስለታል። ስብራት ባይኖር ኖሮ «ስብራት የሌለው ብርቅ ነው» ብሎ ያንኑ ያህል በደስታ ይከፍል ነበር።

ሁለተኛው የክርክር መስክ በሙያው ዓለም «ኦሪጅናል» የሚባለው፣ ማለትም ጊታሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበሩት ክፍሎች ሳይለወጡ መቆየታቸው ነው። የዱሮዎቹ መቃኛዎች እጀታቸው ፕላስቲክ ስለነበር በዕድሜ ብዛት እየተኮማተሩ ይፈረካከሳሉ፤ አንድ አስተዋይ ሙዚቀኛ በ1970ዎቹ እነዚህን አውልቆ ክር አጥብቀው የሚይዙ የተሻሉ መቃኛዎችን ካስገባ፣ ጊታሩ በቅኝቱ እየጸና በዋጋው ይወርዳል፤ አዲሶቹ ብሎኖች የበሱት ቀዳዳም እንደ ወንጀል አሻራ ይቆጠርበታል። በአንጻሩ ከሴሉሎይድ የተሠራው ፒክጋርድ፣ ማለትም መምቻው የጊታሩን ፊት እንዳይቧጭር የሚከላከለው ሰሌዳ፣ ሲያረጅ እየፈራረሰ የሚወጣው ጋዝ በአቅራቢያው ያለውን ብረት ሁሉ ያበላሻል። ሳጥኑ ሲከፈት አፍንጫ የሚቆነጥጠው ሽታ ከዚሁ የሚመጣ ሆኖ ሳለ፣ ገዢው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ይስብና የታሪክ መዓዛ መሆኑን ይመሰክራል። ፍርፋሪውም በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ከጊታሩ ጋር ይሸጣል፤ ኦሪጅናል ነውና።

ሦስተኛው ጉዳይ የመለያ ቁጥር ነው። ከ1977 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ በጊብሰን ጊታሮች ራስ ጀርባ ላይ ይታተም በነበረው ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥር ውስጥ አንደኛውና አምስተኛው አኃዝ ዓመቱን፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት ደግሞ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ያመለክታሉ። በዚህ መሠረት 82051137 የሚል ቁጥር የታተመበት ጊታር የ1981 ሁለት መቶ አምስተኛው ቀን፣ ማለትም ጁላይ 24 ቀን ውጤት ነው። ገዢው እስከዚህ ከደረሰ በኋላ የቀን መቁጠሪያ አውጥቶ ዕለቱ ዓርብ እንደነበር ያረጋግጥና፣ ሠራተኛው ልቡ በቅዳሜ ላይ ሆኖ ኮላውን አሳስቶት ይሆን እያለ ይጨነቃል፤ የገዛ ልጆቹ የተወለዱበትን ዕለት እንዲህ ያጣራ አባት ጥቂት ነው። በ1960ዎቹ የተሠሩት ግን ኩባንያው አንዱን ቁጥር ለተለያዩ ጊታሮች ደጋግሞ ስለተጠቀመበት፣ ቁጥር ብቻውን ዓመት አይናገርም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና፣ ገዢው ከሚቻሉት ዓመታት መካከል አሮጌውን መርጦ ይይዛል፤ ሻጩም በዚህ ምርጫ ላይ ተቃውሞ አያነሣም።

አቅሙ ለካላማዙ ያልደረሰ ወደ ጃፓን ይመለከታል። የጃፓን ፋብሪካዎች በ1970ዎቹ የአሜሪካን ጊታሮች መስለው የሠሯቸው ዕቃዎች እጅግ የተዋጣላቸው ስለነበሩ፣ በ1977 የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን ኩባንያ፣ በጃፓን ይሠሩ የነበሩትን የአይባኔዝ ጊታሮች በአሜሪካ ያከፋፍል የነበረውን ኤልገርን በጊታሩ ራስ ቅርጽ ሳቢያ ከሰሰ። ክሱ የቀረበው በአንድ አከፋፋይ ላይ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ በዚያ ዘመን በጃፓን የተሠራ ጊታር ሁሉ በሻጮች አፍ «የክሱ ዘመን» ተብሎ ይጠራል፤ የተከሰሰ ዕቃ ካልተከሰሰው ይልቅ የሚከበርበት ገበያ ይህ ሳይሆን አይቀርም። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት እንዳለችው፣ እነዚህም የትውልድ ሐረጋቸው በተጠየቀ ቁጥር የሚጠቅሱት ከሳሻቸውን ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ጆን ዲአንጀሊኮ በኒው ዮርክ ከ1932 እስከ 1964 በትንሽ መደብሩ በእጁ የሠራቸው ጊታሮች አሉ። እነዚህን የሚገዛው ሌላ ዓይነት ሰው ነው፤ ለተራው ገዢ ግን ሳይገዛቸውም ትልቅ አገልግሎት ይሰጡታል። የቤቱ በጀት በሚመከርበት ምሽት «ከዲአንጀሊኮ ጋር ሲተያይ እኮ ይህ ነጻ ማለት ነው» ብሎ ለባለቤቱ ያስረዳል፤ ባለቤቱም ከዲአንጀሊኮ ጋር ማን አስተያየው ብላ ትጠይቃለች። ይህ ጥያቄ በሙያው ጽሑፎች ውስጥ እስካሁን መልስ አላገኘም። ገዢው በዚህ ጊዜ ወደ መጨረሻው ማስረጃ ይሻገርና፣ ታላቁ የጃዝ ጊታር ተጫዋች ጂም ሆል ለረጅም ጊዜ የታወቀበት ኢኤስ-175 አስቀድሞ የሌላው ጊታር ተጫዋች የሃዋርድ ሮበርትስ እንደነበር፣ ስለዚህም ያገለገለ ጊታር መግዛት የሊቃውንት መንገድ መሆኑን ይጠቅሳል። ጂም ሆል ጊታሩን ከያዘ በኋላ ምን ያህል ተለማመደ የሚለው ነጥብ በዚህ ክርክር ውስጥ አይነሣም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ተግባራዊ መመሪያ ይወጣል፤ ዋጋ መነጋገር ያለበት ጊታሩ ከመነካቱ በፊት ነው። ገዢው ተቀምጦ አንድ ለስላሳ ኮርድ ከመታና፣ ጎባጣው ፊት ድምፁን በደረቱ ላይ ሲያንቀጠቅጥበት ከተሰማው፣ ቅንድቡ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሻጩ ደግሞ ጊታር ባያውቅ እንኳ ቅንድብ ማንበብ ያውቃል። ስለዚህ ጃዝ የማይወድ ጓደኛ ይዞ መሄድ ይመከራል፤ እንዲህ ያለው ሰው በየአሥር ደቂቃው ሰዓቱን ስለሚያይ ከማናቸውም መስተዋትና ባትሪ ይልቅ ዋጋ ያስወርዳል።

ነገሩ የሚጠናቀቀው ገዢው በተራው ሻጭ ሲሆን ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ጊታር ዓይኑን ስለሚወስደው ይህ መምጣቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ስብራቱን በባለሙያ የተጠገነ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን የእውነተኛ ሙዚቀኛ አሻራ፣ ፍርፋሪውን ከነከረጢቱ ኦሪጅናል፣ ዓርቡንም የትውልድ ዕለት አድርጎ ይጽፋል፤ አንዳቸውም ውሸት አይደሉም፤ ሁሉም በገዛበት ቀን ለራሱ የተናገራቸው ናቸውና። ብልህ ሻጭ እንከን መደበቅ ያለበት ከማያውቅ ገዢ ብቻ ነው፤ ዐዋቂ ገዢ ለሚጠብቅ ግን ጉድለቱን አንድ በአንድ መዘርዘር ይበቃዋል፤ ዋጋውን ገዢው ራሱ ከፍ ያደርግለታል።