ከዱብሉቅ ጉድጓድ መልስ የተሰጠ ደም

ያቤሎ ላይ አንድ ሰው ጉበቱን ታመመ ከተባለ መድኃኒት አዋቂው ከሐኪሙ ይበዛል። «የወፍ በሽታ ነው» ይሉና አንዱ ሥር ወቅጦ ያጠጣል፣ ሌላው ክንድ ላይ ቅጠል አስሮ ያቆስላል። ለሥራ ቅጥር የጤና ማስረጃ ተጠይቄ ደም በሰጠሁ ጊዜ እኔም እዚህ ምክር መሀል ገባሁ።

የውጤት ወረቀቱ ጉበት ለመመርመር ከሚለኩት ኢንዛይሞች ኤስጂኦቲ 312፣ ኤስጂፒቲ 98 ይላል። መደበኛው ልክ 40 አካባቢ ነው። ወረቀቱን የሰጠኝ ባለሙያ «ጉበትህ ተጎድቷል፣ ቶሎ ታከም» ብሎኝ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። መጠጥ አልቀምስ፣ ጫት አልቅም፤ ጭንቅ ይዞኝ ቤቴ ገባሁ።

አከራዬ ሲሰሙ «ውይ ልጄን! እስቲ ዓይንህን አሳየኝ» ብለው ወደ ብርሃን አወጡኝ። ዓይኔ ቢጫ አልሆነም። ቢሆንም ማታውኑ የተወቀጠ ሥር በብርጭቆ በጥብጠው መጡ። «እትዬ፣ ይቆይልኝ፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ቅር አላቸው፤ ግን ከልባቸው አስበውልኝ ስለነበር አልተቆጡኝም።

እንቢ ያልኩት በትግራይ፣ በጸዕዳ እምባ የደረሰውን ስለማውቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የመንደሩ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ ብዙዎች ሞቱ። የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ነገሩን ሲከታተሉ ከእህል ጋር የሚቀላቀል አረም ላይ ደረሱ። አረሙ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል ለጉበት መርዝ የሆነ ንጥረ ነገር አለው። ከዚያ ወዲህ «ቅጠል ምን ይጎዳል?» የሚለውን አባባል አልቀበልም።

በማግስቱ ወጣት ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ወረቀቱን ትንሽ አየና «ሰሞኑን ከባድ የጉልበት ሥራ ሠርተዋል?» አለኝ።

እንዴት አልሠራሁም! ደም ከመስጠቴ በፊት በነበረው ቀን ወዳጄን ተከትዬ ዱብሉቅ፣ ቱላ ከሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ወደ አንዱ ወርጄ ነበር። ሰዎች ከውኃው እስከ ገንዳው ድረስ አንዱ ከሌላው በላይ በእርከን ይቆማሉ። ባልዲው በዘፈን ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል፤ ዘፈኑ እስካልቆመ ክንድ አያርፍም። ከላይ ያለው ሲቀበለኝ የሚፈሰው ውኃ በአንገቴ ይወርዳል፣ ከላይ ግመሉና ከብቱ ይጮኻል። የአንድ ሰው ቦታ ጎድሎ ስለነበር ገባሁ፤ ከብቱ ጠጥቶ እስኪጨርስም አልወጣሁም። ሲነጋ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ እንኳ አቃተኝ።

ሐኪሙ አስረዳኝ። ኤስጂፒቲ በብዛት የሚገኘው ጉበት ውስጥ ነው፤ ኤስጂኦቲ ግን በጡንቻ፣ በልብና በቀይ የደም ሴልም አለ። ያለ ልማዱ የደከመ ጡንቻ ሲጎዳ ሁለቱም ወደ ደም ይፈስሳሉ፣ ኤስጂኦቲውም ይበልጣል። ደሙ ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ቀይ ሴሉ ከፈረሰም ቁጥሩ ከፍ ይላል። ቢሊሩቢንና አልካላይን ፎስፋቴዝ አስመረመረኝ፤ ደህና ሆኑ። የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራውም ነጻ አለኝ። «ሁለት ሳምንት ያህል ከከባድ ሥራ ይረፉና ይደገም» አለኝ። ሲደገም ሁለቱም ከ40 በታች ወርደው ነበር።

ይህን ሰምቶ ወረቀቱን የሚጥል እንዳይኖር እሰጋለሁ። በአገራችን ከመቶ ሰው ሰባት ያህሉ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እንዳለበት ጥናቶች ያሳያሉ፤ ብዙው ሕመም ስለማይሰማው አያውቀውም፤ ኢንዛይሙ ደህና ሆኖም ቫይረሱ ሊኖር ይችላል። ለሕፃናት ክትባቱ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነውና ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ መመርመር አለብን። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ያልተፈላ ወተት የሚያመጣው ብሩሴሎሲስም፣ በእኛ ቆላ ወተት ምግብ ነውና፣ ኢንዛይሙን ከፍ ያደርጋል።

ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የሠራችሁትን ሥራ፣ የጠጣችሁትን ሥርና ቅጠል፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ የወተቱን ነገር ሳትጠየቁም ተናገሩ። ወረቀት ለምትሰጡን ባለሙያዎች ደግሞ ልመናዬ አንድ ነው፦ «ጉበትህ ተጎድቷል» ከማለታችሁ በፊት «ሰሞኑን ምን ሠራህ?» በሉን። ይህ ጥያቄ መሣሪያ አይፈልግም፣ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሰውን ግን ከከንቱ ሥጋትና ከማያውቀው መድኃኒት ያድናል።