ሥራ የፈታ እግር

አጎቴ መኪና የሚነዱት በእግራቸው ሳይሆን በአፋቸው ነው። ዝም ሲሉ ላንድ ክሩዘሩ ይበርራል። ወሬ ሲጀምሩ እግራቸው ነዳጅ መስጫውን ይረሳዋል፤ ወሬው ሲጥም ደግሞ መኪናው እንደ ሽማግሌ በሬ መጎተት ይጀምርና ከኋላችን የተሰለፉት አይሱዙዎች በክላክስ ጆሯችንን ያደነቁሩናል።

ከጎንደር መተማ ዮሐንስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ ለጋሼ ወሬ በልክ የተሰፋ ነው። ከአዘዞ ስንወጣ 1880 ዓ.ም. ይሆናል፤ ደርቡሽ ጎንደርን ያቃጥላል። አይከል ቁርስ በልተን ስንነሳ ክተት ይታወጃል። ነጋዴ ባሕር ላይ ጦሩ በረሃውን ይያያዘዋል፤ ገንዳ ውኃ ላይ ድንኳን ይተከላል። ኮኪትን ስናልፍ አፄ ዮሐንስ እጃቸውን ይመታሉ። መተማ ከተማ ገብተን መናኸሪያው አጠገብ ስንቆም መጋቢት 2 ቀን 1881 ዓ.ም. ይሆንና ንጉሡ ያርፋሉ። ጋሼም ሞተር ያጠፋሉ። ስንት ዓመት ሙሉ አንዴም ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

ይህን ያናጋው አሜሪካ ያለው ልጃቸው ነው። በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመን፣ በሰው እጅ አንድ ካርቶን ላከ። ክሩዝ ኮንትሮል ነው አለን፤ ፍጥነቱን አንዴ ከሞሉለት እግርን አሳርፎ መኪናውን በዚያው ልክ የሚያስኬድ።

«ስሙ እኮ ክሩዘር ነው፤ እስከ ዛሬ ክሩዙን ደብቀውብን ነው?» አሉ ጋሼ።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚሳብ የእጅ ነዳጅ አለ፤ እሱ አይበቃም ወይ ብዬ አዘዞ ያለውን ኤሌክትሪሺያን ጠየቅሁት። «እሱ ነዳጁን ይይዛል እንጂ ፍጥነቱን አይይዝም፤ ዳገት ላይ ይሞታል፣ ቁልቁለት ላይ ይገድልሃል» አለኝና ከመኪናው ሥር ገባ። ወደ ኋላ እግር በሚሄደው ዘንግ ላይ ማግኔት አሰረ፤ ዘንጉ በዞረ ቁጥር ከጎኑ የተተከለችው ጥቅል ሽቦ ትቆጥራለች። መኪናው ሲደክም ከካርቶኑ የወጣው ሳጥን ነዳጁን በገመድ ይስባል፣ ሲፈጥን ይለቃል። የሚስበው በአየር ምጠጣ ነው። ቤንዚን መኪና ምጠጣውን ከራሱ ሞተር ያገኛል፤ የእኛ ናፍጣ ግን ከዲናሞው ጀርባ ካለችው የፍሬን ፓምፕ መበደር ነበረበት።

ግማሽ ቀን ከፈጀ በኋላ ሞከርነው። እምቢ አለ። ሽቦው ተፈታ፣ ታሰረ፤ እንደገና እምቢ። መሸት ሲል ኤሌክትሪሺያኑ አንድ ነገር ትዝ አለውና ከኋላ አቆመኝ።

«ፍሬን ይርገጡ ጋሼ!»

ረገጡ። ከኋላ የበራ ነገር የለም፤ ግራውም ቀኙም አምፖል ተቃጥሏል። ለካ ያ ሳጥን ሥራ ከመጀመሩ በፊት የፍሬን መብራቱን ሽቦ ይዳብሳል፤ ፍሬን ሲረገጥ የሚያውቀው በዚያ ነውና አምፖሉ ከሞተ እሺ አይልም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተቃጠለው?» አልኳቸው።

«እኔ የማየው ከፊቴ ያለውን ነው፤ ከኋላ ያለው የራሱን ይወቅ» አሉ። እነዚያ አይሱዙዎች ለምን ያን ያህል ይጮሁ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

አምፖሎቹ ተቀየሩና በማግስቱ ተነሣን። እስከ አይከል ኩርባው አላስነካንም። ከነጋዴ ባሕር ወዲያ ሜዳው ሲዘረጋ፣ ግራና ቀኝ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ሲታይ፣ ጋሼ «በስመ ሥላሴ» ብለው ቁልፏን ተጫኑ። ስድሳ። ቀኝ እግራቸውን አንስተው የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። መጀመሪያ አየር ላይ አንጠለጠሉት፤ ቀጥሎ ጫማቸውን አውልቀው ከግራው ጎን አስቀመጡት፤ እንደ እንግዳ አፍሮ ተቀመጠ።

ዝምታውን ለመስበር የማውቀውን ነገርኳቸው፦ ይህን ዕቃ የፈለሰፈው ራልፍ ቲተር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ በ1950 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አገኘበት፣ በ1958 ክራይስለር መኪናው ላይ ገጠመው። ነገሩን ያሰበው፣ እንደሚባለው፣ ጠበቃው መኪና እየነዳ ሲያወራ ስለሚቀዘቅዝ፣ ሲያዳምጥ ደግሞ ስለሚፈጥን አንገቱ ወዲህና ወዲያ ሲል ተማርሮ ነው። ቲተር ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር።

ጋሼ ጠበቃውን አልፈው የመጨረሻዋን ያዙ። «የማያይ ሰው ነው የሠራው? እንግዲያ ፍየል አያይማ!»

አያይም። ፍየሎቹ ደግሞ የአሜሪካ ሳጥን መጣ ብለው አስፋልቱን የሚለቁ አይደሉም። ጋሼ በባዶ እግራቸው ፍሬን ረገጡ፤ ሳጥኑ ወዲያው ሥራውን ለቀቀ። ቁልፏን ተጫኑ፤ ስድሳ። የሰሊጥ አጫጆች የጫነ ትራክተር መጣ፤ ፍሬን። ስድሳ። ከብት፤ ፍሬን። ስድሳ። ኬላ፣ ገመድ፣ ፍሬን።

በየመሀሉ ግን ወሬው ቀጥሏል፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ራስ አሉላን ሲያስገቡ መኪናው እንደ ልማዱ ቀዝቀዝ ሊልላቸው ሲገባ፣ ስድሳውን እንደያዘ ይገሰግሳል። ገንዳ ውኃን ስናልፍ ጦሩ ገና ከደጋ አልወረደም። ኮኪትን ስናልፍ ድንኳን አልተተከለም። ጋሼ ቃላቸውን ማፍጠን ሞከሩ፤ ንጉሥ አጣድፎ መግደል ግን ነውር ሆነባቸው መሰለኝ፣ መልሰው ተዉት።

መናኸሪያው ጋ ደርሰን ቆምን። ሞተሩን አላጠፉም። ሙቀቱ ጣራውን ያግላል፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ተሸካሚ ልጆች መስኮቱን እየደበደቡ «ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት ነው? ዕቃ አለ?» ይላሉ። ጋሼ መስኮቱን ጥቂት ዝቅ አደረጉ።

«ቆዩ ልጆቼ፤ ንጉሡ ገና አልቆሰሉም» አሉና መስኮቱን መልሰው ዘጉት።