ጅራፉ ገረፈ፣ የጮኽኩት እኔ

ሰው ማርጀቱን የሚያውቀው በመስታወት ነው የሚሉ ሰዎች ታክሲ የማይሳፈሩ መሆን አለባቸው። መስታወት እንኳ ይሉኝታ አለው፤ በየጠዋቱ ስለምንተያይ መርዶውን ቀስ እያደረገ ነው የሚያረዳኝ። የታክሲ ረዳት ግን ይሉኝታ አያውቅም። ባለፈው አንዱ «ኧረ ለፋዘር ቦታ ልቀቁላቸው!» ብሎ ሲጮህ ዞር ብዬ ፋዘርየውን ፈለግኳቸው። ከኋላዬ የነበረችው አንዲት ነፍሰ ጡር ብቻ ናት። አንድ ጎረምሳ ብድግ ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። እኔም ደንገጥ ብዬ ሴትየዋን ላስቀምጣት ስል ክንዴን ያዝ አድርጋ «ኧረ ይቀመጡ አባቴ፣ እርስዎ ይብሳሉ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ይደረጋል?

ይህን ቁስል እንደያዝኩ ነው ቡሄ የደረሰው።

ነሐሴ 12፣ በዋዜማው፣ ወደ ማታ ላይ ባለቤቴ ዳቦ እንድገዛ ላከችኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ዳቦ ቤቱ ከግቢያችን በር ብዙም አይርቅም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ወጉ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ባለቤቴ ለሆያ ሆዬ ጨፋሪዎች ብር መስጠት አትወድም። «ያለ ሙልሙል ምን ቡሄ አለ» ትላለች። ሙልሙሉን ግን አትጋግረውም፣ እኔን ትልከኛለች። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። አንዴ ከወረዱ በኋላ የረሱትን ነገር ደረጃው ራሱ ስለሚያስታውስዎ፣ ስትልከኝ በሩ ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ ታስደግመኛለች። «ዳቦ ብቻ! ቀጥ ብለህ ሄደህ ቀጥ ብለህ ና!»

መላክ ካልን አይቀር፣ እኔ በመላክ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቀበና ሳለን እናቴ ስትልከኝ መሬቱ ላይ እንትፍ ትልና «ይቺ ምራቅ ሳትደርቅ ድረስ!» ትለኛለች። በበጋ እንደ ጉድ እሮጣለሁ። ክረምት ላይ ግን ምራቋ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅላ ሳትደርቅ ስለምትከርም፣ ይህን የሕግ ክፍተት አግኝቼ ወንዙ ዳር ስንት ሰዓት እንዳሳለፍኩበት እግዜር ነው የሚያውቀው። ደግሞ የምትልከኝ እናቴ ብቻ አልነበረችም። በዚያ መንገድ ለሚያልፍ ልጅ፣ እናት ሁሉ እናቱ ናት። «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ!» ካለች አለቀ፤ ጨው ሊሆን ይችላል፣ ክብሪት ሊሆን ይችላል፣ ወፍጮ ቤት ሊሆን ይችላል። ካጠፋህም የሰፈሩ ሰው ይገርፍህና ለእናትህ ይነግራል፤ እሷም «እንኳን ገረፍክልኝ» ብላ ትደግምሃለች።

ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል ደግሞ ካርዱን ይዤ ወረፋ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ወረፋ ያዝኩ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ወረፋውን የሚይዘው ድንጋዬ ነው፤ እኔ ከጓደኞቼ ጋር ብይ እጫወታለሁ። እና ዛሬ «ወይ ደጉ ዘመን!» ስል የማወራው ስኳር በካርድ ስለሚታደልበት ዘመን ነው። እናቴ ዛሬ ኖራ ይህን ስል ብትሰማኝ ያገኘችውን አንስታ ትወረውርብኝ ነበር። ድንጋዩ ወረፋ ጠባቂ ቢሆንም፣ በጎህ ተነስታ ድንጋዩን የምታስቀምጠው እሷ ነበረቻ!

ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤታችን አንድ ነበር። እግራችንን ታጥበን፣ ምንጣፉን ላንረግጥ ምለን፣ ጥጉ ላይ ተደርድረን አባባ ተስፋዬን እናያለን። ተስፋዬ ሣህሉ የልጆቹን ዝግጅት የጀመሩት ቴሌቪዥን ራሱ አገራችን በገባበት በ1957 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የደረስኩባቸው በ1975 ግድም ነበር። ያኔ ለኔ እሳቸው ከኖኅ ጋር መርከብ የገቡ ሽማግሌ ነበሩ። ባለፈው ግን የተወለዱበትን ዓመት አየሁት፤ 1915። ቀነስኩት። ስልሳ! እናንተዬ፣ ስልሳ ብቻ! እኔ ሃምሳን ከተሻገርኩ ወዲህ ስልሳ ማለት ማዶ ያለው ሰፈር ነው፤ መብራቱ ከዚህ ይታየኛል።

ወደ ዳቦው እንመለስ። ዳቦውን ገዛሁ፤ ትኩሱን፣ በሁለት ፌስታል። ባለቤቴ እንዳዘዘችኝ ቀጥ ብዬ በመመለስ ላይ ነበርኩ። መንገዱ ዳር አንድ ልጅ ጅራፍ ደርድሮ ይሸጣል። ልጥ ነው፤ በደንብ የተገመደ፣ ጫፉ ቀጥኖ የወረደ። ቆም አልኩ። መቆም ክፋት የለውም። አነሳሁት። ማንሳትም ክፋት የለውም። ዋጋውን ለባለቤቴ አልነገርኳትም፣ ለእናንተም አልነግርም፤ ልጁ ግን ወዲያው ሱቁን ዘጋና ወደ ቤቱ ሄደ።

ደግሞ እኮ ግዢው መንፈሳዊ ነው። ጅራፍ ሲጮህ በደብረ ታቦር ተራራ ከደመናው ውስጥ የተሰማውን የአብን ድምፅ ያስታውሳል ይላሉ አባቶች፤ ችቦው ብርሃኑን ነው። ዳቦውም ቢሆን፣ ብርሃኑን አይተው መሽቷል ሳይሉ ውጭ ለቆዩት እረኞች ቤተሰቦቻቸው ያመጡላቸው ነው ይባላል። ስለዚህ ዳቦ ይዞ ጅራፍ አለመያዝ በዓሉን ማጉደል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩት። ራሴ ቶሎ ያምናል።

ግቢያችን ስደርስ ልጆቹ መጥተዋል። ዱላቸውን ይዘው አንደኛው ብሎክ በር ላይ ክብ ሠርተዋል። አውራጁ አንድ ድምፁ መጎርነን የጀመረ ልጅ ነው። እኔን ሲያይ «ፋዘር፣ ዝርዝር ከሌለዎት በቴሌብርም እንቀበላለን» አለኝ።

«ቴሌብር!» አልኩ። «እኛ ልጅ ሳለን…»

ይህችን አረፍተ ነገር የጀመረ ሰው ጨርሷት አያውቅም። ልጆቹ የፎቁን መስኮቶች መቁጠር ጀመሩ። እኔ ግን ቀጠልኩ፤ በእኛ ጊዜ ሙልሙሉ፣ በእኛ ጊዜ ችቦው፣ በእኛ ጊዜ ጅራፉ ከቀበና ሲጮህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እንደሚሰማ… አንድ ትንሽዬ፣ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ ልጅ፣ እጄ ላይ ያለውን ጅራፍ አየና «እስቲ ያጩኹት» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። በልጅነቴ ጅራፍ አጩኼ አላውቅም። የኛ ሰፈር ጅራፍ አጯሂ ታላቅ ወንድሜ ነበር። የኔ ሥራ የሙልሙል ከረጢቱን መሸከም ነው፤ ለዚያውም ከረጢቱ ወደ ማታ እየቀለለ ስለሚሄድ በየዓመቱ ምርመራ ይደረግብኝ ነበር። ዘመን ግን መልካም ነገር አለው፤ ምስክሮቹን ይበትናቸዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ወንድሜ ያጮኸውን ጅራፍ ሁሉ ያጮኽኩት እኔ መስሎኛል።

ፌስታሎቹን መሬት አስቀመጥኩ። ጃኬቴን አውልቄ ለጥርሰ ወላቃው አስያዝኩት። «ዘወር በሉ» አልኩ፤ ዘወር አሉ። ጅራፉን አንድ ጊዜ ከራሴ በላይ አዞርኩት፤ ደስ የሚል ሹሹታ አሰማ። ሁለተኛ አዞርኩት። ሦስተኛው ላይ ባለ በሌለ ጉልበቴ ሳብኩት።

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይላል ያገሬ ሰው። የኔው ጅራፍ ተረቱን ግማሹን ብቻ ነው የሰማው። ገረፈ፤ በአንገቴ ዙሪያ መጥቶ ግራ ጆሮዬ ላይ አረፈ። የጮኽኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደጮኽኩ አልነግራችሁም፤ ወደ ኋላ ስንደረደር የደገፍኳት መኪና ግን በኔው ቅላጼ ተቀበለችኝ፤ ማስጠንቀቂያዋ ግቢውን አናወጠው። በረንዳው ሁሉ ሰው ሆነ። ከላይ የስልክ መብራት በራብኝ። እኔ በአንድ እጄ ጆሮዬን፣ በአንድ እጄ ጅራፉን ይዤ፣ ሱሪዬ አቧራ ለብሶ፣ መሀል ላይ።

ይሄኔ ምድር ቤት የሚኖሩት አሮጊት በራቸውን ከፍተው ወጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ መሽቶም ነበር።

«አንተ ልጅ!» አሉ፤ «ዓይንህን ልታጠፋ ነው? የማን ልጅ ነው ይሄ?»

«እማማ፣ የአራተኛ ፎቁ ጋሼ እኮ ናቸው» አለ አውራጁ።

«ጋሼም ይሁን ማንም! ጅራፉን አምጣ! እናትህ ብታይህ ምን ትላለች?»

«እሺ እማማ» አልኩ። ጅራፉን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

እንዲያው ለእናንተ ልናገርና፣ ጆሮዬ እየነደደ ልቤ ቅቤ ጠጣች። ስንት ዓመቴ ነው «አንተ ልጅ» ሳልባል! እናቴ ካለፈች ወዲህ፣ ያ ሁሉ የቀበና እናት አንድ በአንድ ካለቀ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ ያከብረኛል። ቢሮ ያከብሩኛል፣ ታክሲ ያከብሩኛል፣ ሐኪሙ ስኳሬን ሲነግረኝ እንኳ «ይቅርታ ያድርጉልኝና» ብሎ ይጀምራል። ሰውን የሚያስረጀው ይሄ መከበር ነው። ሊቆጣህ መብት ያለው ሰው እያነሰ እያነሰ ይሄድና፣ አንድ ቀን ዞር ስትል ተቆጪው አንተ ብቻ ሆነህ ትገኛለህ። ስኳር በካርድ የገዛሁበትን ጊዜ የሚያስናፍቀኝ ስኳሩ አይደለም፤ ዘግይቼ ስመጣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ቁጣ ነው።

የግቢያችን ጥበቃ በሩጫ ደረሰ። ሌባ መስሎታል። ነገሩን ሲረዳ ሳቁን በፉጨት ሸሸገና ጅራፉን ከአሮጊቷ ለመነ። ልጁ የደቡብ ጎንደር ሰው ነው፤ ደብረ ታቦር የሚባል ከተማ ካለበት አገር የመጣ ሰው ደግሞ ቡሄን ከኔ አይማርም። «ጋሼ፣ ይሄ ልጥ ደርቋል፤ ውኃ መንከር ነበረብዎ። ደግሞ በጉልበት አይደለም፤ ሲሄድ ነው መልሶ መሳብ» አለና ዘና ብሎ አንዴ ወረወረው። ጯ! ብሎኩ መለሰለት። ደገመው፤ በረንዳው አጨበጨበ። ልጄ በኋላ እንዳስረዳችኝ ያ ድምፅ የሚወጣው የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት ሲበልጥ ነው፤ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ። የኔው ስንት ደርሶ እንደነበር ጆሮዬን ጠይቁት።

ወደ ፌስታሎቹ ዞር ስል አንዱ ባዶውን ነፋስ ያንከባልለዋል፤ ሌላው ጭራሽ የለም። ልጆቹ የኔን ጩኸት «ውሰዱ» ብለው ተርጉመውት ኖሯል። ጥርሰ ወላቃው ጃኬቴን አጥፎ በአክብሮት መለሰልኝ፤ ጉንጩ በዳቦ ተወጥሯል። ከዚያ በዜማ መረቁኝ። እንዲህ ረጅም ምርቃት በሕይወቴ ተመርቄ አላውቅም፤ ዳቦው ብዙ ነበራ።

አራቱን ፎቅ ወጣሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ዳቦውስ?»

«ለልጆቹ ሰጠሁት።» ውሸት አይደለም።

«ጆሮህስ?»

ዝም አልኩ። በረንዳችን ወደዚያው ወገን ነው ለካ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ አይታኛለች። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ!» ብላ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ጆሮዬን ቫዝሊን እየቀባች፣ ከተጋባንበት ቀን ጀምሮ ያጠፋሁትን በቅደም ተከተል አነበበችልኝ። ቶሎ እንዳትጨርስ ብዬ መሀል መሀል ላይ አንዳንድ የረሳችውን አስታወስኳት። ገና ሳትጨርስ ደረጃው ላይ የሌሎች ጨፋሪዎች ዱላ መጣ፤ ቦርሳዋን ከፍታ ብር ሰጠችኝና «ውረድ፣ ዳቦ ብቻ!» አለች።

ጅራፉን የጣልኩት መስሏታል። ጥበቃው ቤት በር ጀርባ ተሰቅሏል፤ ከልጁ ጋር ተነጋግረናል፤ ለከርሞ ነሐሴ ከመግባቱ በፊት ጨለማን ተገን አድርገን ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ልምምድ እንጀምራለን። ደመወዙ ላይ ትንሽ አልተስማማንም፤ እሱ የጆሮ አበልም ይታሰብልኝ ይላል። እንግዲህ እሷን መንገድ ላይ ብታገኟት፣ እኔ ይህን አልነገርኳችሁም።