የማይሰማ ድምፅ በማይታይ ብር

ሰቆጣ ገበያ ላይ አንዱ አፈ ጮሌ ሶኬት ላይ የሚሰካ የአይጥ ማባረሪያ ዘርግቷል እንበል። አንዲት የዋግ እናት ቆም አሉ።

«እማማ ይውሰዱት! በአልትራሳውንድ ነው የሚሠራው።»

«ማርገዟንማ እኔም አውቃለሁ፤ የቸገረኝ ማስወጣቱ ነው።»

«ኧረ በድምፅ ነው የሚያባርራት! ሰው ግን አይሰማውም።»

«እንግዲያው በማይታይ ብር እገዛዋለኋ።»

«መሰካት ብቻ እኮ ነው።»

«መብራት ሲሄድ አይጧን ‹ትንሽ ታገሺ› የሚላት ማነው?»

«ለተከዜ ዳር ቢምቢም ይሆናል።»

«ንቤንም አብሮ ካባረረብኝ ማሩን አንተ ልትጋግር ነው?»

እማማ አልተሳሳቱም። እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ ግድግዳና ጆንያ አያልፍም፤ ከጎታ ጀርባ የተወሸቀች አይጥ ምን ተዳዋ? ፊት ለፊት ቢያገኛትም ትለምደዋለች። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ከ60 በላይ አምራቾችንና ሻጮችን የሚሉትን በሳይንስ እንዲያረጋግጡ አስጠንቅቋል። ለቢምቢውም ቢሆን 10 የመስክ ጥናቶች ተገምግመው ጥቅም አልተገኘበትም፤ አጎበራችሁን እንዳትጥሉ።

«ሰው አይሰማውም» ባዩ ግን ዕድሜው ስንት ነው? የሰው ጆሮ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ይሰማል ቢባልም ይህ የልጅ ጆሮ ነው፤ ጎልማሳው ላይኛውን ካጣ ቆይቷል። በዌልስ ሃዋርድ ስቴፕልተን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ይህንኑ አይቶ 17.4 ኪሎ ኸርዝ የሚጮህ መሣሪያ ሠራ፤ ከሱቅ ደጃፍ ጎረምሳ ለማባረር! እኛ ዘንድ «ና እስቲ ውኃ ቅዳልኝ» ማለት ይበቃ ነበር፤ መብራትም አይፈጅ።

የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ሌይተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጽሑፍ በባቡር ጣቢያ፣ በሙዚየምና በቤተ መጻሕፍት ሳይቀር እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ እንዳለ አሳይተዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጆሮ ጩኸት የሚያማርሩ ሰዎች አሉ፤ ጉዳዩ ግን በቅጡ አልተጠናም፤ ሕዝብ ለድምፁ የሚጋለጥበት ገደብም እ.ኤ.አ. የ1984 ጊዜያዊ መመሪያ ነው። ጊዜያዊ! ከእኛ ጊዜያዊ መታወቂያ የባሰ ዕድሜ ጠገብ።

ልጅ «ጆሮዬን» ሲል ግን «ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው» እንለዋለን። ለአይጧ ያልደረሰውን ድምፅ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣው አድሮ ይሆናል።

ልግዛ የምትል ካለህ ልጅ ይዘህ ሂድ። ሻጩ ይሰካው፤ ልጁ ጆሮውን ከያዘ ብርህን ኪስህ መልስ። ለአይጧ ጎታህን ክደን፣ ቀዳዳህን ድፈን።